እድርና የወረርሽኝ ቀን



በ1911 ዓ.ም. በወርኃ ኅዳር የተነሣው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በአዲስ አበባ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ፈጀ። ቤተ ሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ስለሚታመም፣ ለበሽተኛው ውሃ የሚያቀብል፣ ለሞተውም መቃብር የሚቈፍር ታጣ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቈሻሻ ጠርገን እናቃጥላለን። ጽዳቱ መልካም ነው፤ ጢሱ ግን በትንፋሽ የሚተላለፈውን በሽታ አይከለክልም።

እንግዲያስ ምን ይደረግ? ድንኳኑም፣ የአባላቱ መዝገብም፣ ጥሩምባ ነፊውም በየሰፈሩ እድር እጅ ይገኛሉ። ለሙት የተሰናዳው ይህ ሁሉ ለሕያውም ይሰናዳ። እድሩ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችንና ሕመምተኞችን አስቀድሞ ይመዝግብ፤ በክፉ ቀን ማን የማንን ደጅ እንደሚጐበኝም ይወስን። ወረርሽኙ ኮሌራ የሆነ እንደ ሆነ ውሃ ሁሉ ፈልቶ ይጠጣ። ተቅማጥ የያዘው ሰው ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ድረስ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ተስተካክሎ የተሞላ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ተበጥብጦ በየጊዜው ይጠጣ፤ ጨው ሲበዛ ይጐዳልና ልኩ ይጠበቅ።

ጐረቤቱን ለመቅበር የሚሰበሰብ ሕዝብ፣ ጐረቤቱን ለማዳን ቀደም ብሎ መሰብሰብ አያቅተውም።