የሰው አእምሮ አደራ ነው
በደብራችን የሃምሳኛ ዓመት በዓል የተሰጠ ንግግር



እንደዚህ ባለ ቀን ስለ ደብሩ አመሠራረትና ስለ ቀደሙት አባቶች ድካም መናገር የተለመደ ነው። ይህን ግን ከእኔ በፊት የተነሡት አባቶች አምልተውና አስፍተው ስለ ተናገሩት፥ እኔ ለሚመጣው ሃምሳ ዓመት የሚያስፈልገንን አንድ ነገር ላነሣ ፈቀድሁ። ይኸውም የሰውን አንጎል ስለሚመረምረው ጥበብና የጥበቡ ባለቤቶች ስላለባቸው ኀላፊነት ነው። ነገሩ የሐኪሞች እንጂ የካህናት አይደለም የሚል ቢኖር፥ ሕመምተኛ ያለበት ቤተ ሰብ ከሐኪም ቤት የፈቃድ ወረቀት ሲሰጠው ወረቀቱን ይዞ ምክር የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ የነፍስ አባቱን መሆኑን ያስብ። በንግግሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አባቶቻችን ነፍስን ልባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት ብለው ያስተምሩናል፤ በማሰቧ ልባዊት፥ በመናገሯ ነባቢት፥ በሕይወቷ ሕያዊት ናት። የዛሬ ሐኪም ደግሞ ሰው ሲያስብና ሲናገር በአንጎሉ ውስጥ ረቂቅ የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚመላለስ በመሣሪያ ያሳያል። ሐንስ በርገር የተባለ የጀርመን ሐኪም ይህን ኃይል ከሰው ራስ ላይ በ1924 መዘገበ፥ በ1929ም ለሊቃውንት በጽሑፍ ገለጠ። ሁለቱ ነገር አይጣላም። ቅኔ የተማረ ሰው፥ ሰሙን ያየ ሁሉ ወርቁን አገኘ እንደማይባል ያውቃል፤ እንዲሁም መሣሪያው የሚጽፈው የኃይሉን መመላለስ ነው እንጂ የሰውየውን ማንነት በሙሉ አይደለም። ነገር ግን ሰሙን የያዘ ሰው ወደ ወርቁ መንገድ ጀምሯልና ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ወደ ሰው ልቡና መግባት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ንስሐ የሚቀበል ካህን ሌላው ሰው የማያየውን ያያል። ስለዚህ ሦስት ነገር ይጠበቅበታል፤ ሰውየው ወዶና ፈቅዶ ሲነግረው ይሰማል እንጂ አስገድዶ አያናግረውም፥ የሰማውን ለማንም አያወጣም፥ ከሰማም በኋላ ልጁን በመንገድ ጥሎ አይሄድም። እኔም ለአንጎል መርማሪዎች ከዚህ የተለየ ሕግ አልፈልግላቸውም። ፈቃድን መጠየቅ፥ ምሥጢርን መጠበቅና አለመተው ይበቋቸዋል። እነዚህ ሦስቱ ሲጓደሉ የሚሆነውን ከታሪክ እንመልከት።

መጀመሪያው ፈቃድ ነው። በ1935 በሊዝቦን ከተማ ኤጋስ ሞኒዝ የተባለ ሐኪም፥ የአእምሮ ሕሙማንን ለማዳን ሲል፥ የራስ ቅላቸው ተበስቶ የአንጎሉ ፊተኛ ክፍል ከሌላው ጋራ የሚገናኝበት ሥር እንዲበጠስ አደረገ። በአሜሪካ ዋልተር ፍሪማን ይህን ሥራ አስፋፋው፤ በ1946ም በዓይን ጕድጓድ በኩል በሹል ብረት መግባትን ጀመረ። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው የጆን ኬኔዲ እኅት ሮዝሜሪ በ1941 በ23 ዓመቷ በአባቷ ፈቃድ አንጎሏ ተነካ፤ ከዚያ ወዲያ አካሄዷና አነጋገሯ ተበላሽቶ፥ እስከ ሞተችበት እስከ 2005 ድረስ ራሷን ሳትችል በሰው ጥበቃ ኖረች። ሞኒዝ ግን በ1949 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። እነዚህ ሰዎች ወንበዴዎች አልነበሩም፤ የተመሰገኑ ሊቃውንት ነበሩ። ጥፋቱ የገባው፥ ለሕመምተኛው የሚበጀውን እኛ እናውቅለታለን በማለት ነው።

በ1953 ደግሞ በአሜሪካ በሐርትፎርድ ከተማ ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ የ27 ዓመት ሰው፥ ከሚጥል በሽታ ይድን ዘንድ ተብሎ፥ ከአንጎሉ ግራና ቀኝ ጥቂት ክፍል ተቈርጦ ወጣ። በሽታው ቀለለለት፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲያ አዲስ ነገር በልቡ መያዝ ተሳነው። ያነጋገረው ሰው ወጥቶ ጥቂት ቈይቶ ሲመለስ አያውቀውም ነበር። እስከ ሞተበት እስከ 2008 ድረስ፥ ሊቃውንት ስለ ትዝታ ካወቁት ብዙውን ከእርሱ ተማሩ። እንግዲህ ትናንት እሺ ያለውን ዛሬ የማያስታውስ ሰው ፈቃዱ ከወዴት ይገኛል? እንደ እኔ አሳብ፥ ለእንደዚህ ያለ ሰው አንድ ጊዜ የተፈረመ ወረቀት አይበቃም። በየጊዜው እንደ አዲስ ሊጠየቅ፥ ከምርመራውም ጥቅም የማያገኝ ጠበቃ በአጠገቡ ሊቆምለት ይገባል።

ሁለተኛው ምሥጢር ነው። ዛሬ የአንጎልን ኃይል የሚመዘግብ፥ በራስ ላይ የሚደረግ መሣሪያ እንደ ማናቸውም ዕቃ በገበያ ይሸጣል። የቺሌ መንግሥት ይህን አይቶ በ2021 ሕገ መንግሥቱን በማሻሻል፥ የአንጎል ሥራና ከእርሱ የሚገኘው መዝገብ በሕግ እንዲጠበቅ ደነገገ። ከዚያም ጊዶ ጂራርዲ የተባለ የቀድሞ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ኢሞቲቭ የተባለው ኩባንያ የሠራውን መሣሪያ ገዝቶ ከተጠቀመ በኋላ፥ የአንጎሉ መዝገብ በኩባንያው እጅ ስለ ቀረ ከሰሰ። በ2023 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መዝገቡ እንዲደመሰስ ፈረደ። በ2025ም ዩኔስኮ ስለዚህ ጥበብ ሥነ ምግባር ለመንግሥታት ሁሉ የሚሆን ምክረ አሳብ አጽድቋል። ይሁን እንጂ ሕግ የሚጠብቀው የነቃውን ሰው ነው። በስልኩ ላይ የመጣለትን ረጅም ውል ሳያነብ እስማማለሁ የሚለውን በጣቱ የሚነካ ሰው፥ በሩን ከፍቶ ተኝቶ ሌባ ገባብኝ ከሚለው በምን ይለያል?

ሦስተኛው አለመተው ነው። ሰከንድ ሳይት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ለዕውሮች አርገስ ሁለት የሚባል መሣሪያ ሠርቶ፥ በ2013 ከአገሩ መንግሥት የመሸጥ ፈቃድ አገኘ። በመነጽር ላይ ያለው ካሜራ የሚያየውን ምስል፥ በዓይን ውስጥ በተተከለ ረቂቅ ዕቃ አማካይነት ወደ አንጎል ያደርሳል። ከ350 የሚበልጡ ሰዎች ተተከለላቸው፥ ጨለማ በነበረባቸውም ላይ ጥቂት የብርሃን ምልክት ታያቸው። ነገር ግን ኩባንያው በ2019 ይህን መሣሪያ መሥራት አቆመ፤ በ2020ም ገንዘብ አጥቶ ከሠራተኞቹ አብዛኞቹን አሰናበተ። መሣሪያው የተበላሸበት ሰው የሚጠግንለት አጥቶ ወደ ጨለማው ተመለሰ፤ ዕቃው ግን በዓይኑ ውስጥ ቀረ። አገራችን እንዲህ ያለውን አደራ በላ ትለዋለች። ድርጅት ሊከስር ይችላል፤ በሰው ሥጋ ውስጥ የተተከለ ነገር ግን እንደ ሱቅ ተዘግቶ የሚኬድበት አይደለምና፥ ለመጠገኛና ለማውጫ የሚሆን ገንዘብ ከመትከሉ አስቀድሞ መቀመጥ ነበረበት።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፥ እንዲህ ከሆነ ይህ ጥበብ ይቅርብን ይል ይሆናል። እኔ እንደዚህ አልልም። በ1987 በፈረንሳይ አገር በግረኖብል ከተማ አሊም ልዊ ቤናቢድና ባልንጀሮቹ በቀጭን ሽቦ ወደ አንጎል ጥልቅ ክፍል ኤሌክትሪክ እየላኩ የሚንቀጠቀጥ እጅን ማሳረፍ ቻሉ፤ ከዚያ ወዲህ ጽዋ ማንሣት ያቃተው ብዙ ሰው በእጁ ጠጣ። በ2023ም የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፥ በሕመም አንደበቷ የተያዘባት ሴት ልትናገር የምትሞክረውን ቃል ከአንጎሏ እየተቀበሉ በደቂቃ 62 ቃል ያህል በጽሑፍ አወጡላት። የተዘጋን አንደበት የሚከፍት ጥበብ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው፥ የሰውን ልብ እንደ አደራ ሳይሆን እንደ ምርኮ የሚቈጥር እጅ ነው።

እንግዲህ አባቶች ካህናት፥ የነፍስ ልጃችሁ ወረቀቱን ይዞ በመጣ ጊዜ፥ ፈርም ወይም አትፈርም ለማለት አትቸኵሉ። ሦስቱን ጥያቄ ለሐኪሙ እንዲያቀርብ ላኩት። ሕመምተኛው ራሱ ነገሩ ገብቶት ፈቅዷልን? ዛሬ ፈቅዶ ነገ እምቢ ቢልስ ይለቀቃልን? ከአንጎሉ የተወሰደው መዝገብ በማን እጅ ይቀመጣል? መሣሪያው ቢበላሽ ወይም የሠሪው ድርጅት ቢዘጋ፥ የሚጠግን ወይም የሚያወጣ ማን ነው? ለዚህ ጥሩ መልስ የሚሰጥ ሐኪም ጥያቄያችሁን አይጠላም፤ ይልቁንም ያመሰግናችኋል።

እናንተም በየትምህርት ቤቱ ሕክምናና ምሕንድስና የምትማሩ የደብሩ ልጆች፥ ነገ መሣሪያው በእጃችሁ ይሆናል። በዚያን ጊዜ፥ ይህ ይቻላልን ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ፥ ይህ የእኔ ሥልጣን ነውን ብላችሁ ደግሞ ጠይቁ። ፊተኛውን ጥያቄ መምህራኖቻችሁ ያስጠኗችኋል፤ ሁለተኛውን ግን ከዚህ ደብር ይዛችሁ እንድትሄዱ እለምናችኋለሁ።

እግዚአብሔር አምላክ የሁላችንን ልቡና ይጠብቅልን፤ ሕሙማንን ይማርልን፤ የሚቀጥለውንም ኢዮቤልዩ በሰላም ያድርሰን። አሜን።