ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም መቼ እንሂድ?
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ ንግግር)



ከኮምቦልቻ እየተመላለስን የምንማር ሁላችን አንድ ነገር እናውቃለን። መኪናው ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ቁልቁለት ሲጀምር ጆሯችን ይደፈናል፤ የጎናችን ሰው የሚናገረው ከሩቅ የሚመጣ ይመስለናል። ምራቃችንን ስንውጥ ወይም ስናዛጋ ግን ጧ ብሎ ይከፈታል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት። በወረድን መጠን የውጭው አየር እየከበደ የጆሮን ታምቡር ወደ ውስጥ ይገፋል። ከታምቡሩ በስተ ጀርባ ካለው ባዶ ክፍል ወደ ጉሮሮ የምትወርድ ቀጭን ቱቦ አለች፤ ስንውጥ እርሷ ተከፍታ አየር ታስገባለች፣ ግፊቱም ይስተካከላል። ለዚህ ሐኪም አያስፈልግም፤ ቆሎ መቆርጠም ይበቃል።

ይህችን ቱቦ ያነሣናት ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። በሕፃናት ላይ አጭርና ወደ ጎን የተጋደመች ስለ ሆነች፣ ልጁ ጉንፋን ሲይዘው የጉሮሮው ሕመም በእርሷ በኩል ወደ ጆሮ ይዘልቃል። ልጁ ሲያለቅስ ያድራል፤ ታምቡሩም ይበሳና መግል ይፈሳል። መግሉ ሲወጣ ሕመሙ ስለሚቀንስ ቤተ ሰቡ «ተሻለው» ብሎ ይተወዋል። የሚበዛው ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው።

በታችኛው ክፍል ሳለን ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ጓደኛ ነበረን። መምህር ሲጠራው ዝም ይላል፤ ሲመልስም ያልተጠየቀውን ይመልሳል። እኛም እንስቅበት ነበር፤ ሰነፍ አልነው፣ ኩራተኛም አልነው። ለካስ ሁለቱም ጆሮዎቹ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይፈሱ ኖሯል። ጥጥ ወትፎ ይመጣል፤ እኛ ደግሞ ሽታውን ሸሽተን አጠገቡ አንቀመጥም። በቤቱ የጤና አዳም ጭማቂና የሞቀ ዘይት ያንጠባጥቡለት ነበር። በፍቅር ያደረጉት ነውና አንነቅፋቸውም፤ ነገር ግን ታምቡሩ ከተበሳ የተጨመረው ሁሉ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይገባል። ሐኪም ዘንድ የደረሰው ስምንተኛ ክፍል ሆኖ ነው። ቀኙ ዳነ፤ የግራው መስማት ግን አልተመለሰም።

ታዲያ መቼ እንሂድ? ጆሮ 14 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከፈሰሰ ሥር የሰደደ ይባላል። ከጤና ጣቢያ ጀምረን ሪፈር ማስጻፍ ይገባናል። እስከዚያው ንጹሕ ጨርቅ ጠምዝዞ ማድረቅ እንጂ ምንም መጨመር አይገባም። ከጆሮ ኋላ ያለው አጥንት ካበጠና ሲነኩት ካመመ ግን ቀን አይቈጠርም፤ ሕመሙ ወደ አንጎል ሊዘልቅ ይችላልና በዚያው ዕለት ሆስፒታል ነው። አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ቢያቆምም እንዲሁ ነው፤ መድኃኒቱ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነውና። ድምፅ ከ3 ሳምንት በላይ ከጎረነነ፣ ይልቁንም ሰውየው የሚያጨስ ከሆነ፣ ጉሮሮው ይታይ። ልጅ ባቄላ አፍንጫው ውስጥ ቢከት በክብሪት እንጨት አንጎርጉር፤ ወደ ውስጥ እንገፋዋለን። የሰዓት ባትሪ ከሆነ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሥጋ ይበላል።

እንጥል ማስቆረጥንም ሳናነሣ አናልፍም። ልጅ ጉሮሮውን ባመመው ቁጥር ወደ ቆራጭ የሚወስዱ ወላጆች ዛሬም አልጠፉም። እንጥል ቢቆረጥ ቶንሲል አይድንም፤ የሚፈሰው ደም ግን ሊገድል ይችላል። ያልታከመ ቶንሲልም ውሎ አድሮ የልብን በሮች የሚያበላሽበት ጊዜ አለ።

በፋብሪካ ለሚሠሩ አባቶቻችንና እናቶቻችንም አንድ ቃል አለን። አጠገባችሁ ከቆመ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ ካስፈለጋችሁ የመኪናው ድምፅ ጆሯችሁን እየጎዳ ነው። በጩኸት የጠፋ መስማት በመድኃኒት አይመለስም፤ የጆሮ መድፈኛ ጠይቁ።

«ከአንገት በላይ» በአማርኛችን ከልብ ላልሆነ ፍቅር የሚነገር ነው፤ ይህን የመሰለ ሙያ በዚህ ስም መጠራቱ ይገርመናል። ባለሙያዎቹ ጥቂቶች ናቸው፤ የሚበዙት አዲስ አበባ ናቸው፣ ያውም ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ነው ቀኑን ቈጥረን በጊዜ እንነሣ የምንለው።

ያ ጓደኛችን ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጧል፤ ታሪኩን እንድንናገር የፈቀደልንም እርሱ ነው። ከበዓሉ በኋላ የሚጠይቅ ቢኖር እርሱን ይጠይቅ። በቀኙ በኩል ቁሙለት።