የጥንድ ከዋክብት ምስክርነት፦ የስበት ሌንሱ የት ነበር?



እ.ኤ.አ. በ1998 ትንሿ የማጄላን ደመና በምትባለው ጎረቤት ጋላክሲ ውስጥ ያለች አንዲት ደብዛዛ ኮከብ በድንገት ደመቀች። በእኛና በእርሷ መካከል ያለፈ የማይታይ አካል በስበቱ ብርሃኗን አጉልቶት ነበር። ያ አካል ፍኖተ ሐሊብን በከበበው ሰፊ ሃሎ ውስጥ የነበረ ከሆነ፣ ስንፈልገው የኖርነው የጨለማ ቁስ ቁራጭ ሊሆን ይችላል፤ የደመናዋ ተወላጅ ከሆነ ግን ተራ ኮከብ ነው።

ቦህዳን ፓቺንስኪ በ1986 ያቀረበው ይህ የፍለጋ ስልት አንድ ችግር ነበረበት። ነጠላ ሌንስ የሚሰጠን ዋና ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም የክስተቱ ቆይታ። በእርሱ ውስጥ የሌንሱ መጠነ ቁስ፣ ርቀትና ፍጥነት ተደባልቀዋል። በዝግታ የሚጓዝ ቀላል አካልና በፍጥነት የሚሮጥ ከባድ አካል አንድ ዓይነት ግራፍ ሊያወጡ ይችላሉ።

የ1998ቱ ሌንስ ግን ጥንድ ነበር። የሁለት አካላት ስበት ሲጣመር ኮስቲክ የተባሉ ስለታም መስመሮችን ይፈጥራል። መብራት ከጎን ሲያርፍበት በወተት ስኒ ውስጥ የሚታየውን ጥምዝ ደማቅ መስመር ያስተዋለ ሰው፣ የኮስቲክን ዘመድ አይቷል። ኮከቧ ስፋት የሌላት ነጥብ ብትሆን ኖሮ መስመሩን በቅጽበት በተሻገረች ነበር። ስፋት ስላላት ግን መሻገሯ ጊዜ ይወስዳል፤ ያ ጊዜ ነው መለኪያችን።

የማቾ ቡድን ክስተቱን ቀደም ብሎ ስላስታወቀ፣ ኮከቧ ከኮስቲኩ የምትወጣበት ቀን አስቀድሞ ሊተነበይ ቻለ። ሰኔ 18 ቀን 1998 በደቡብ ንፍቀ ክበብ ያሉ ቴሌስኮፖች ዝግጁ ሆነው ጠበቋት። (ደመናዋ ከአዲስ አበባ ስትታይ ከደቡብ አድማስ ከ8 ዲግሪ ብዙም ከፍ ስለማትል፣ ይህን ሥራ ከዚህ መሥራት አይታሰብም።)

ስሌቱን አብረን እንሥራው። ከቀለሟና ከድምቀቷ እንደተገመተው የኮከቧ ሬዲየስ ከፀሐይ 1.1 እጥፍ ነው፤ ማለትም 766,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። የማቾ ቡድን የራሱንና የኤሮስ ቡድንን ልኬቶች አጣምሮ ባደረገው ትንተና፣ መስመሩን የተሻገረችበት ማዕዘን ታሳቢ ተደርጎ፣ ይህን ሬዲየስ ለመሸፈን የወሰደው ጊዜ 0.116 ቀን፣ 10,000 ሰከንድ ያህል ነው። አካፍሉት፤ በሰከንድ 76 ኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። ይህ በደመናዋ ርቀት ላይ የተሰላ የሌንሱ ፍጥነት ነው።

ከመኪና መስኮት ሲታይ ቅርቡ ዛፍ ከሩቁ ተራራ ይልቅ ፈጥኖ ያልፋል። በተመሳሳይ ምክንያት በሃሎ ውስጥ ያለ ሌንስ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊያሳይ ይገባ ነበር፤ በደመናዋ ውስጥ ያለ ደግሞ 60 ገደማ። እንዲህ ዘገምተኛ ሊሆን የሚችለው ከሃሎ ሌንሶች 0.12 በመቶው ብቻ ነው። ስለዚህ ሌንሱ የደመናዋ ነው ብሎ መቀበል እጅግ ሚዛን ይደፋል።

ታዲያ ሌሎቹስ ነጠላ ሌንሶች? አንዳንዶች ከዚህ ተነስተው ሁሉም የደመናዎቹ ከዋክብት ናቸው ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ከዋክብት አዘውትረው ጥንድ ሆነው ይገኛሉ፤ የሃሎው ጨለማ አካላት ካሉ ግን ጥንድ ለመሆናቸው ምንም ማስረጃ የለንም። ዘዴው የሚይዘው ጥንዶችን ብቻ ከሆነ፣ ብቸኞቹ በሃሎው ውስጥ ቢሞሉ እንኳ በዚህ መረብ አይገቡም።