እስከ አልጋዋ ድረስ የሄዱት ዳኛ



ሐኪም ስለ ዳኛ ስታወራ ግር ይላችሁ ይሆናል። ኤልዛቤት በትለር ስሎስ ግን ስለ ራሳችን ሙያ ብዙ አስተምረውኛል።

እሳቸው የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የላቸውም (እዚህ መድረክ ላይ ይህን ማለት ድፍረት ነው መሰለኝ)። እ.ኤ.አ. በ1955 ጠበቃ፣ በ1979 የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ፤ በ1988 በእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የተሾሙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። ሕጉ ለሴት የሚሆን መጠሪያ ስላልነበረው ማዕረጋቸው «ሎርድ ጀስቲስ» ነበር። አባታቸው ዳኛ፣ ወንድማቸው ሎርድ ቻንስለር ነበሩና በሩ ጨርሶ የተዘጋባቸው አልነበሩም።

በ1987 በክሊቭላንድ ሁለት የሕፃናት ሐኪሞች በጥቂት ወራት ውስጥ 121 ልጆች የጾታ ጥቃት ደርሶባቸዋል አሉ። ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ተነጠሉ። ጉዳዩን ያጣሩት እሳቸው ነበሩ። ሪፖርታቸው ጥቃት የለም አላለም፤ አንድ የአካል ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ልጁም ሰው ነው እንጂ የምርመራ ዕቃ አይደለም አለ እንጂ።

እኔን የያዘኝ ግን የ2002ቱ ፍርድ ነው። «ሚስ ቢ» ተብላ ብቻ የተጠራች የ43 ዓመት ሴት፣ አንገቷ ውስጥ ሕብለ ሰረሰሯ ላይ ደም ፈስሶ፣ ከአንገት በታች ሽባ ሆነች። መተንፈሻ ማሽኑ ይነሳልኝ አለች። ሐኪሞቿ ክፉዎች አልነበሩም፤ ወራት ሙሉ አስታመዋታልና እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ዳኛዋ ሆስፒታል ድረስ ሄደው ቃሏን አልጋዋ አጠገብ ሰሙ። የመወሰን ችሎታ አላት፣ ያለፈቃዷ መታከሟም ሕገወጥ ነው ብለው ፈረዱ። ካሳው 100 ፓውንድ ብቻ ነበር። ሐኪሞች የውሳኔውን ክብደት ከበሽተኛው የማሰብ ችሎታ ጋር እንዳያምታቱም አሳሰቡ። ሚስ ቢ ከአንድ ወር በኋላ በሌላ ሆስፒታል፣ ማሽኑ ተነስቶላት፣ ተኝታ ሳለ አረፈች።

ይህን ሳነብ አንዲት እናት ትዝ አሉኝ። ሬዚደንት ነበርኩ፤ በስኳር በሽታ የሞተ እግራቸውን አላስቆርጥም አሉ። ካርዳቸው ላይ «አልገባቸውም» ብዬ ጻፍኩ፤ ልጃቸውን ኮሪደር ላይ ጠርቼ አስፈረምኩ። ለምን እምቢ እንዳሉ እኮ አልጠየቅኳቸውም! ማንም አልተቆጣኝም፤ ያኔ እንዲያ ነበር የሚሠራው።

የሕክምና ሥነ ምግባር የምታስተምሩ መምህራን፣ የሚስ ቢን ፍርድ ለተማሪዎቻችሁ ስጧቸው። ረጅም ነው፤ ግን በአንድ ምሽት ያልቃል።