ሎሚ በደጋ ቤት

(በተማሪዎች የንግግር ሰዓት በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ)



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ርእስ ትንሽ ነው፤ ይኸውም በደብረ ብርሃን ከተማ የሎሚን ዛፍ በቆርቆሮ ተክሎ በቤት ስለ ማሳደግ ነው። ርእሱን ሲሰሙ አንዳንድ ጓደኞቼ «በዚህ አገር ገብስና ባቄላ እንጂ ሎሚ መች ይበቅላል?» ብለው ሥቀውብኛል። ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም።

ሎሚ የሚወደው ቆላውን ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ሲሆን፣ የኛ ከተማ ግን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ መካከል የ9 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው። ሎሚ ደግሞ ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ ይቆማል፤ ውርጭ ከመታውም ቅጠሉ ይጠቁራል።

የ6ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ አያቴ ለጉንፋኔ ከጨመቁልኝ ሎሚ ዘሩን ለቅሜ ሳይደርቅ ተከልሁት። አያቴ የቀወት ተወላጅ ናቸውና «ልጄ፣ ሎሚ እንደ እኔ የቆላ ሰው ነው፤ ብርድ አይችልም» አሉኝ። ሆኖም በቀለ።

በሁለተኛው ዓመት በኅዳር ወር አንድ ማታ ኳስ ስጫወት አምሽቼ ወደ ቤት ሳላስገባው ቀረሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ደመና ለምድር እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ እርሱ ከሌለ ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊቱን ትለቀዋለች። በማግሥቱ ተክሌ የተቀቀለ ጎመን መስሎ አገኘሁት። ልጥለው ስል አያቴ ግንዱን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት፤ ውስጡ አረንጓዴ ነበር። «ቆይ፣ አልሞተም» አሉኝ። ሳልቈርጠው ጠበቅሁ፤ ሙቀቱ ሲመለስ ከታች አቈጠቈጠ፤ የደረቀውን የቈረጥሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ ስሕተት የተማርሁትን ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ የቆርቆሮው ሥር መበሳት አለበት፤ ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ሁለተኛ፣ የአገራችን ጥቁር አፈር ብቻውን ውሃ ስለሚይዝ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ የበግ ፍግ ይቀላቀልበት። ዐመድ ግን አይጨመር፤ ቅጠሉን ያስቢጨዋል። ሦስተኛ፣ ውሃ ከማጠጣት በፊት ጣትን አፈሩ ውስጥ ማስገባት ይገባል፤ እርጥብ ከሆነ ይቈይ። አራተኛ፣ ቅርፊት መሳይ ተባይ ከታየ በሳሙና ውሃ በነከረ ጨርቅ ይጠረግ። አምስተኛውና ዋናው፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ማታ ማታ ወደ ቤት ማስገባት፣ ፀሓይ ሲሞቅ ማውጣት ነው።

ይህ የኛ ብቻ ብልኀት አይደለም። በፈረንሳይ አገር በቬርሳይ ቤተ መንግሥት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1684 እስከ 1686 የብርቱካን ዛፎች የሚከርሙበት ታላቅ አዳራሽ ተሠርቷል። ዛፎቹ በሣጥን ተተክለው በክረምት ይገባሉ፣ በበጋ ይወጣሉ። ንጉሡ አዳራሽ ነበራቸው፤ እኛ ደግሞ የጓዳችን ጥግ አለን።

እውነቱን ለመናገር፣ ተክሌ ስድስት ዓመት ሆኖት እስካሁን አላፈራም። ከዘር የበቀለ ሎሚ በቆላም ቢሆን ዓመታት ይፈጃል። ነገር ግን አያቴ በአጠገቡ ባለፉ ቍጥር ቅጠሉን በጣታቸው አሸት አድርገው ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ፤ ከዚያም ስለ ቀወት ያወሩልናል። ይህ ለእኔ ከፍሬ አያንስም።

በሚመጣው ዓመት እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለከፍተኛ ትምህርት ከዚህ ከተማ እሄዳለሁ። የኅዳርን ሌሊት የምትጠብቀው ታናሽ እኅቴ ናት፤ ከወዲሁ ማታ ማታ እርሷ እንድታስገባው አድርጌያለሁ። ሁለት ጊዜ ረስታለች፤ እኔም አልተቈጣኋትም፤ ኳሱን አስታውሼ ዝም አልሁ።

ውድ ጓደኞቼ፣ አንድ ዘር ትከሉ፤ ማታም አትርሱት።