አሮጌው ላንድክሩዘርና ባለቤቱ፦ በግቢ ውስጥ ስለሚሠራ ጥገናና ማሻሻያ



የዛሬው ርዕሴ ለምሕንድስና ፋኩልቲ የሕዝብ ንግግር እንግዳ ሊመስል ይችላል። የምናገረው ስለ አሮጌ መኪና፣ ያውም ባለቤቱ ራሱ ቁልፍ ይዞ ስለሚሠራው ጥገና ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ በመንገድ ላይ እንደሚቆዩ መገመት አያዳግትም። በምን ሁኔታ ላይ ሆነው ይቆያሉ የሚለው ግን ልንነጋገርበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ምሳሌዬ እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረው ሰባዎቹ የሚባለው የቶዮታ ላንድክሩዘር ነው፤ በተለይም ከ1990 ወዲህ ዋን ኤች ዜድ የተባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር የተገጠመለት። ሞተሩ ቱርቦ የለውም። በእነዚህ አሮጌ ሞዴሎች ናፍጣውን የሚመጥነውም ኮምፒውተር ሳይሆን መካኒካል ፖምፓ ነው። ስለዚህ ትዕግሥትና ጥሩ የጥገና መጽሐፍ ያለው ሰው ብዙውን ሥራ በግቢው ሊሠራው ይችላል። በነገራችን ላይ መማሪያ መጽሐፎቻችን የመኪናን አካላት ሁሉ በእንግሊዝኛ ሲጠሩ፣ ጋራዡ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን ይላል። ምንጫቸው ጣሊያንኛ ቢሆንም ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች አፍ ያለዘባቸው ቃላት ናቸውና እኔም በእነርሱ እጠቀማለሁ።

የባለቤቶች ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቁር ጭስ ይጀምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ቀንሶ ሳለ ፖምፓው የባሕር ዳርቻውን መጠን ናፍጣ ከሰጠ፣ ትርፉ በሚገባ ሳይቃጠል ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ባለቤቱ «ጉልበት አነሰው» ሲል በየቦታው የሚሰጠው መፍትሔ የፖምፓውን ብሎን ነክቶ ናፍጣ መጨመር ነው። ይህ የተገላቢጦሽ ሕክምና ነው፤ አየር ላጠረው ሞተር ናፍጣ ሲጨመርለት የሚያድገው ጭሱና ሙቀቱ ነው። ባለቤቱ አስቀድሞ የአየር ማጣሪያውን ይመልከት፤ ቀጥሎ የናፍጣ መርጫዎቹን አስፈትሾ ያጽዳ። ፖምፓውን ግን መለኪያ መሣሪያ ላለው ባለሙያ ይተው።

ከዚያ የቱርቦ ሐሳብ ይመጣል። ቱርቦ ከፍታው የነሣንን አየር ስለሚመልስ በመርሕ ደረጃ ትክክለኛ መፍትሔ ነው። ይሁንና ዋን ኤች ዜድ ናፍጣውን በቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ማንደድ የሚጀምር፣ የመጭመቅ ምጣኔውም ከ22 በላይ የሆነ ሞተር ነው። ቱርቦ ይዞ የተወለደው ወንድሙ ዋን ኤች ዲ ቲ ናፍጣውን በቀጥታ በፒስተኑ ላይ ይረጫል፤ ምጣኔውም ከ19 በታች ነው። ልዩነቱ ከሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ በዋን ኤች ዜድ ላይ ቱርቦ ልግጠም የሚል ሰው ግፊቱን ዝቅ አድርጎ ይያዝ፤ የጭስ ሙቀት መለኪያም ከመሪው ፊት ያስቀምጥ። መለኪያ የሌለው ቱርቦ ረጅም ዳገት ላይ ፒስተን ሲያቀልጥ ወይም ቴስታታ ሲሰነጥቅ ባለቤቱ የሚያውቀው ከሆነ በኋላ ነው።

ስለ ታይሚንግ ቺንጊያ አንድ ነገር ብቻ ልበል። በየ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት፤ ዳሽቦርዱ ላይም የሚያስታውስ መብራት አለ። መብራቱ የሚቆጥረው ግን የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው የሚነግረውን ነው። መቁጠሪያው የቆመበት ወይም የተነካካበት መኪና የገዛ ሰው መብራቱን ሳይጠብቅ ቺንጊያውን ይቀይር። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

እኔ ከማሻሻያዎች ሁሉ የማስበልጠው በጣም ርካሹን ነው። በዲፍሬንሻሉ አናት ላይ አንዲት የአየር መተንፈሻ አለች። መኪናው በሙቀት ሲጓዝ ቆይቶ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ዲፍሬንሻሉ በድንገት ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ መተንፈሻው ከተደፈነ ወይም ውኃ ውስጥ ከገባ ውኃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ዘይቱ ወተት ሲመስል ያያችሁት ለዚህ ነው። የተደፈነ መተንፈሻ ሌላም ጣጣ አለው፤ ዘይቱ ሲሞቅ ግፊቱ ፓራውሊዮውን አልፎ ከፊት ጎማ ጀርባ ባለው ኳስ መሰል ቤት ውስጥ ካለው ግሪስ ጋር ይቀላቀልና ቀጭን ግራጫ ፈሳሽ ሆኖ ይንጠባጠባል። ፓራውሊዮውን ብቻ ቀይሮ መተንፈሻውን ሳያጸዳ የሚመልስ ሰው ያንኑ ሥራ ደግሞ ይሠራዋል። መፍትሔው ጥቂት ሜትር ጎማ ቱቦ ገዝቶ መተንፈሻውን ወደ ሞተሩ ክፍል ከፍ ማድረግ ነው።

በአንጻሩ እጅግ የምፈራው ማሻሻያ ባሌስትራ ጨምሮ መኪናውን ከፍ ማድረግ ነው። ሰዎች የሚያዩት ቁመናውን ነው። በአንዳንዶቹ ሞዴሎች ግን ከኋላው አክሰል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። መኪናው ሲጫን ሻሲው ወደ አክሰሉ ይጠጋል፤ ቫልቩም ለኋላ ፍሬን የበለጠ ግፊት ይለቃል። መኪናው በባሌስትራ ከፍ ሲደረግና ዘንጉ እንደገና ሳይስተካከል ሲቀር፣ ቫልቩ መኪናው ምንጊዜም ባዶ እንደሆነ ይቆጥራል። እንግዲህ ያ መኪና አሥር ሰው ጭኖ ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወርድ አስቡት። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሸክሙ ሁሉ የፊት ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ለዓመታት ሳይቀየር እርጥበት የጠጣው የፍሬን ዘይት ይፈላል፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። በሾፌሩ የሚሳበብ እንዲህ ያለ አደጋ መነሻው ከወራት በፊት በግቢ ውስጥ የተሠራ ሥራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መኪናውን ከፍ ያደረገ ሰው የፍሬን ቱቦዎቹን ርዝመት፣ የቫልቩን ዘንግና የፊት መሪውን ማዕዘን በአንድነት ያስመርምር፤ የፍሬን ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ ይቀይር።

በክሪክ ብቻ በተደገፈ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባም አደራ እላለሁ፤ ጠንካራ መቆሚያ ሳይኖር ሥራው አይጀመር። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፤ ከተቻለ ከፍሬኑ እንጀምር።