ማን ይሥቃል? በማንስ ይሣቃል?
(ስለ ፈረንሳይ የፋርስ ፊልሞች የተደረገ ንግግር)



ስለ ሣቅ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ አንድ ወዳጄ፥ «ዓለም በዚህን ያህል ችግር ተይዛ ሳለ ተማሪ ስለ ቀልድ ፊልም ሲናገር አያፍርምን?» ሲል ገሠጸኝ። ተግሣጹን ተቀብያለሁ። ሆኖም ሰው በማን ላይ እንደሚሥቅ መመርመር ራሱ ቁም ነገር ስለ መሰለኝ፥ ዛሬ በፊታችሁ ቆሜአለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ፋርስ ስል የንግሥት አስቴር አገር ትዝ ያለው ሰው ቢኖር ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህኛው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጓሜው መሙላት፥ መጠቅጠቅ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን በፈረንሳይ አገር ረጃጅም የሃይማኖት ትርኢቶች ሲታዩ፥ ሕዝቡ እንዳይሰለች በመካከሉ አጫጭር ቀልዶች ይጠቀጠቁ ነበር፤ ስሙም ከዚያ ወጣ። ሞልዬር ከዚሁ የአደባባይ ቀልድ ተምሮ ወደ ንጉሥ አዳራሽ አስገባው። በአገራችንም ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከሞልዬር ሥራዎች ወደ አማርኛ መልሰውልናል።

የፋርስ ሕግ ቀላል ነው። አንድ ሰው ነውሩን ለመሸሸግ አንድ ውሸት ይዋሻል። ያንን ውሸት ለማቆም ሁለተኛ፥ ሁለተኛውን ለማቆም ሦስተኛ ውሸት ያስፈልገዋል። በዚህ መካከል ፈጽሞ መገናኘት የሌለባቸው ሰዎች በአንድ ቤት ይገናኛሉ፤ አንዱ በዚህ በር ሲወጣ ሌላው በዚያ በር ይገባል። ተመልካቹ ሁሉን ያውቃል፤ ውሸታሙ ግን ከበሩ ኋላ ማን እንደ ቆመ አያውቅም። ሣቁ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለምሳሌ ያህል ኤዤን ላቢሽ በ1851 ያቀረበውን «የኢጣልያ የገለባ ባርኔጣ» እንመልከት። ሙሽራው ወደ ሠርጉ ሲሄድ ፈረሱ የአንዲት ባለ ባል ሴት ባርኔጣ ይበላበታል። ሴቲቱ ያለ ባርኔጣዋ ወደ ቤቷ ብትገባ ምስጢሯ ሊገለጥ ነው። ስለዚህ ሙሽራው መሳዩን ፍለጋ ከተማውን ሲያካልል፥ ሠርገኛው ሁሉ ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ይከተለዋል። ታዲያ ባርኔጣው የት ተገኘ? ጆሮው የማይሰማ አንድ ሽማግሌ አጎት ለሙሽራይቱ ስጦታ ብሎ ካመጣው ዕቃ ውስጥ! ለካ ቀኑን ሙሉ እቤት ነበር፤ ሽማግሌውን ከቁም ነገር የቈጠረው ሰው ግን አልነበረም። ረኔ ክሌር ይህንኑ በ1928 ድምፅ የሌለው ፊልም አደረገው። የላቢሽ ንግግር ሁሉ ቀርቶ ሣቁ ግን አልቀረም፤ የፋርስ ነፍሱ ከቃሉ ይልቅ በሩጫው ውስጥ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ዤራር ኡሪ በ1966 ያወጣው «ላ ግራንድ ቫድሩይ» ነው። ዘመኑ 1942፥ ፓሪስ በጀርመኖች እጅ ናት። ሉዊ ደ ፊኔስ ቍጡና ትዕቢተኛ የኦርኬስትራ መሪ፥ ቡርቪል ደግሞ የዋህ የቤት ቀለም ቀቢ ሆነው ይሠራሉ። አውሮፕላናቸው የተመታባቸውን እንግሊዞች ለማሸሽ ሁለቱ ሳይወዱ በግድ አብረው ይሰደዳሉ። በአንድ ሆቴል የበር ቍጥር 6 ተገልብጦ 9 ስለ ሆነ ብቻ፥ ተሳዳጁ ከአሳዳጁ ጋራ በአንድ አልጋ ያድራል። ፊልሙን በፈረንሳይ ከ17 ሚሊዮን በላይ ሰው አይቶታል፤ እስከ 2008 ድረስም ከአገሩ ፊልሞች የሚበልጠው አልነበረም። ከተመልካቾቹ ብዙዎቹ ያን የጭንቅ ዘመን በዓይናቸው ያዩ ነበሩ። የፈሩትን ኀይል በሆቴል ኰሪደር ሲደናበር ማየታቸው መከራውን ያስረሳቸው አይመስለኝም፤ ፍርሃቱን ግን ሳያቀልላቸው አልቀረም።

ሦስተኛው ፍራንሲስ ቬበር በ1998 ከራሱ ቲያትር ያወጣው «የሞኞች እራት» ነው። ጥቂት የፓሪስ ጌቶች በየሳምንቱ እራት ይበላሉ፤ እያንዳንዱም የሚሣቅበት አንድ ሞኝ ይዞ ይመጣል። መጽሐፍ አሳታሚው ብሮሻን ያገኘው ሞኝ ፒኞን ይባላል፤ በገንዘብ ሚኒስቴር የሚሠራ፥ በክብሪት እንጨት የኤፌልን ግንብ የሚሠራ ብቸኛ ሰው ነው። ነገር ግን ብሮሻን ወገቡ ተቀጭቶ እቤት ይቀራል፤ ከፒኞን ጋራ። ፒኞን ሊረዳው በተነሣ ቍጥር ይብስ ያጠፋዋል፤ ሚስቱን ውሽማው መስላው ያባርርበታል፤ የግብር ተቈጣጣሪ ወደ ቤቱ ያስገባበታል። የናቁት ያስረግዛል ማለት ይህ ነው። የሚያስደንቀው ግን፥ ፒኞን ለምን እንደ ተጋበዘ ከተረዳ በኋላ እንኳ ያን የናቀውን ሰው ከሚስቱ ለማስታረቅ ስልክ መደወሉ ነው። በእርግጥ ፋርስ ነውና በመጨረሻው ደቂቃ ያበላሸዋል።

የእነዚህን ፊልሞች ጉድለት አልሸሽግም። ሴቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በር ለመክፈትና ለመዝጋት ብቻ የመጡ ይመስላሉ፤ ነገሩም ሁሉ በአጋጣሚ የተሞላ ነው። ቢሆንም ሦስቱን ታሪኮች አንድ የሚያደርጋቸውን ልብ በሉ። የማይሰማው አጎት፥ ቀለም ቀቢውና ክብሪት ለጣፊው፥ ሦስቱም የተናቁ ናቸው። ጥሩ ፋርስ በተናቀው እያሣቀ ይጀምርና ሣቁን ቀስ አድርጎ ወደ ናቂው ያዞረዋል።

እኔ ራሴ «የሞኞች እራትን» ሳይ በመጀመሪያ በክብሪቱ ግንብ ከልቤ ሣቅሁ። ኋላ ግን ከጌቶቹ ጋራ በዚያ ማዕድ ተቀምጬ እንደ ነበር ተገለጠልኝ። እዚህም ከገጠር የመጣ አዲስ ተማሪ አንድ ቃል ሲሳሳት በምግብ አዳራሻችን የሚነሣውን ሣቅ ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔም ከሣቂዎቹ አንዱ ነበርሁ። ተምረናል የምንል ሰዎች ይህን የምንማርበት መጽሐፍ ብዙ አላገኘሁም፤ አንድ የቀልድ ፊልም ግን በአንድ ሰዓት ተኩል አስተማረኝ።

ለገሠጸኝ ወዳጄ መልሴ ይኸው ነው። እንሣቅ፤ ነገር ግን ከበሩ ኋላ ማን እንደ ቆመ እናስብ።